ከቁርበቱ ጀርባ

አንድ ሰው ነበረ፤ የገዛ ቤቱን የሚፈራ። «አክስቴ፣ የጥርስ ሐኪሞቹ ከድዴ ሥር ሳይፍቁኝ ብርሃኑን ብቻ ቢያበሩልኝስ?» ብለሽ ስለ ጠየቅሽኝ፣ ፍሬሰላም፣ የእሱን ነገር ልንገርሽ።

የሰውየውን ምሰሶ ምስጥ በላበት። ምስጡ ከመሬት ሥር ተነሥቶ፣ ጭቃ እየለሰነ፣ በጭቃው ውስጥ ተሸሽጎ ወደ ላይ ወጣ። ሰውየው አየና አፈረ። ሰው እንዳያይበት ምሰሶው ላይ ቁርበት ሰቀለ። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ግን ከምሰሶው ሥር የተኙትን ልጆቹን እያየ ትንፋሹን ይይዝ ነበር።

አንድ ቀን ሚስቱ ምሰሶውን ብትደገፈው ተነቃነቀ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ነፋስ ነው።»

«ቤት ውስጥ?» አለችው።

ምስጥ ብርሃን እንደማይወድ ሰምቶ ስለነበር ግድግዳውን በስቶ መስኮት አወጣ፤ ቁርበቱንም ገለጥ አደረገ። ፀሐይ ገባች፤ ያረፈችው ግን ጭቃው ላይ ነው። ጆሮውን ቢያስጠጋ ምስጡ ከውስጥ ሲቆረጥም ሰማ።

ያን ጊዜ ጎረቤቱን ጠራ። «ቤቴን ምስጥ በልቶታል። አፍሬ ነው የደበቅኩት። መቆፈሪያህን ይዘህ ናልኝ።»

ጎረቤቱ ቁርበቱን አየና «እኔ ደግሞ ለጌጥ የሰቀልከው መስሎኝ» አለ።

ጣሪያውን በባላ ደግፈው የምሰሶውን ሥር ቆፈሩ። ጭቃውን እስከ ደህናው እንጨት ድረስ ፋቁት። ሲፍቁት ቤቱ በሙሉ ሲንቋቋ ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። ፀሐይዋ በየስንጥቁ የቀረውን ምስጥ ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው። የተበላው እንጨት አልተመለሰም፤ የተረፈው ግን ቤቱን ይዞ ቆመ።

ፍሬሰላም፣ ምሰሶው ጥርስሽ ነው፤ ጭቃውም ከድድሽ ሥር የደረቀው ቆሻሻ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ይፍቃሉ። ቀለም ቀብተው፣ የቀረውን ጀርም እንዲገድል የሚያበሩት ብርሃን መፋቁን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ቁርበቱ ደግሞ ይህ ነጠላዬ ነው። ሰዎች ስስቅ አፌን የምሸፍነው ጨዋ ስለሆንኩ ይመስላቸዋል፤ ባለቤቴም ሳይቀር። ድዴ መድማት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። የፊት ጥርሴ ይነቃነቃል፤ እንጀራ እንኳ በአንድ ጎን ብቻ ነው የማላምጠው። ለማንም አልተናገርኩም። መፋቁን እኔም እፈራዋለሁ።

ስትሄጂ ይዘሽኝ ሂጂ።