ካልሞቀኝ አልወጣም ያለችው ጫጩት

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ የዛሬው ተረት ያለው ካርቶን ውስጥ ነው። ካርቶኑም ያለው ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት ከተማ፣ ትንንሾቹና ትልልቆቹ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው በሚሠሩበት ክፍል ነው። የክፍሉ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ታላቅ በአፉ፣ ታናሽ በእጁ። ታላቅ ይጠይቃል፣ ይመክራል፤ እጁ ግን ወደ ኋላ ነው። እኔ ብሆን ግማሽ ሰዓትም አልችልም።

ሶልያና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንዱ ሹሩባዋ ላይ ቀይ ሪባን አለ፣ ሌላው ባዶውን ነው። ካርቶን ውስጥ ጭድ ጎዝጉዛ፣ አምፖል አንጠልጥላ፣ አንዲት እንቁላል ስታሞቅ ከርማለች። ዛሬ ጠዋት እንቁላሏ ስንጥቅ አለች፤ ከውስጥም «ጭው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ወዲያው አምፖሉ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ውጪ እንጂ ጫጩቴ!» አለች ሶልያና።

«ካልሞቀኝ አልወጣም» አለች ጫጩቷ።

«አምፖል አምፖል፣ ብራልኝ! አንተ ካልበራህ ጫጩቷ አትወጣም።»

«ባትሪው ካላጎረሰኝ አልበራም» አለ አምፖሉ።

ሶልያና ወደ ኪሩቤል ሮጠች። ኪሩቤል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ በክፍሉ ሕግ የእሷ ታላቅ ነው። «ኪሩቤል፣ ድረስልኝ! ባትሪው አያጎርስም፣ አምፖሉ አይበራም፣ ጫጩቷ አትወጣም!»

ኪሩቤል እጁን ወደ ኋላ አድርጎ መጣ። «ባትሪውን ማን ነው የሚሞላው?» ሲል ጠየቀ፣ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ዲናሞው!» ሶልያና ዲናሞው ላይ አፈጠጠች። «ዲናሞ ዲናሞ፣ ባትሪውን ሙላ! አንተ ካልሞላህ ባትሪው አያጎርስም፣ አምፖሉ አይበራም፣ ጫጩቷ አትወጣም!»

«ሽክርክሪቱ ካልዞረልኝ አልሞላም» አለ ዲናሞው።

ሁለቱም ወደ ግቢው በረሩ። ሽክርክሪቱ ክንፎቹ ከሃይላንድ ጠርሙስ የተቆረጡ፣ አጭር እንጨት ላይ የቆመ የነፋስ መዘውር ነው። ነፋሱ ያፏጫል፤ ሽክርክሪቱ ግን ወይ ፍንክች። ሥሩ ምንታምር ቆማለች። ምንታምር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ኪሩቤልን ያስተማረችው እሷ ናት።

«እትዬ ምንታምር፣ አዙሪልን!» ሶልያና እንባዋ መጣ። «ሽክርክሪቱ አይዞርም፣ ዲናሞው አይሞላም፣ ባትሪው አያጎርስም፣ አምፖሉ አይበራም፣ ጫጩቷ አትወጣም! ብርዱ ይገድላታል!»

ምንታምር ሹራቧን አወለቀች፤ ገብታም ካርቶኑን ሸፈነችበት። ተመልሳ መጥታ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ቆመች፤ እጇንም ወደ ኋላ አደረገች። «ሽክርክሪቱ ለምን አልዞረም?» አለች።

«ነፋስ ስለሌለ» አለ ኪሩቤል። ይህን ሲል ነፋሱ ኮፍያውን ይዞበት ሄደ።

«ተበላሽቶ ነው!» አለች ሶልያና።

«አይታችሁታል?»

ምንታምርማ አይታዋለች። አንዴ እጇን ብትዘረጋ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ጣቶቿ ኋላዋ ተቆላልፈው ይታገሏታል። የሚያውቁትን ነገር በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ውጦ ዝም ማለት፣ እንዴት ያለ አንጀት ነው! እኔ ይህችን ልጅ አደንቃታለሁ፣ በጣም አደንቃታለሁ።

ሶልያና እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። «ሽክርክሪት ሽክርክሪት፣ ለምን አትዞርም?»

«ሪባኑ ካልለቀቀኝ አልዞርም።»

እውነትም ክንፉ ከእንጨቱ ጋር በቀይ ሪባን ታስሯል! ሶልያና ባዶ ሹሩባዋን ያዝ አደረገች። ለካ ትናንት ክንፉ ላይ ጫጩት ሥላ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ እንዳይዞርባት በገዛ ሪባኗ አስራው፣ እዚያው ረስታዋለች።

«እኔ ነኝ!» አለች ጭንቅላቷን ይዛ። «ያሰርኩት እኔው ነኝ!»

«ያሰረኝ ካልፈታኝ አልለቅም» አለ ሪባኑ።

ወንበር መጣ፤ ሶልያና ወጣች። ምንታምር ወንበሩን በጉልበቷ ደገፈች፤ ጉልበት እጅ አይደለምና ሕግ አልተጣሰም። ቋጠሮው ጠንክሯል። ሶልያና በጥፍሯ ፈለቀቀች፣ በጥርሷ ሳበች።

ሶልያና ሪባኑን ፈታች፣ ሪባኑ ሽክርክሪቱን ለቀቀ፣ ሽክርክሪቱ ዲናሞውን አዞረ፣ ዲናሞው ባትሪውን ሞላ፣ ባትሪው አምፖሉን አጎረሰ፣ አምፖሉ ቦግ አለ፣ ጫጩቷም ሞቃት።

ሦስቱም ካርቶኑ ላይ ተደፉ። ጫጩቷ ትቆረቁራለች፣ ይደክማታል፣ ታርፋለች፤ ደግሞ ትቆረቁራለች። ኪሩቤል አላስችል አለው። ቅርፊቱን ሊሰብርላት እጁን ሰደደ።

«እጅህን ወደ ኋላ!» አለች ሶልያና። «አሁን ታናሽ እሷ ናት።»

ኪሩቤል እጁን ሰበሰበ። ሶልያናም ጣቶቿን ኋላዋ ቆላለፈች፤ እንዴት እንደሚታገሏት ያን ጊዜ ገባት። ቀና ብላ ምንታምርን አየቻት። ምንታምር ፈገግ አለች።

ጫጩቷ እርጥብ ብላ፣ ተንገዳግዳ፣ ራሷ ወጣች።

በሉ ተረቴን መልሱ፤ እጃችሁን ግን ወደ ኋላ አድርጋችሁ።