አንጓችና እምቢ ያለው ሞተር

«ተረት ተረት!» ስላችሁ «የጀልባ በረት!» በሉኝና ልቀጥል።

ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ላይ፣ አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷን አታውቃትም፤ አባቷን ደግሞ ሐይቁ ወስዶባታል። ከወንድሙ ከአድማሱ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሳለ፣ የጀልባው ሞተር መሐል ሐይቅ ላይ ቀጥ አለ። ማዕበሉ አንዱን መለሰ፣ አንዱን አስቀረ።

ከዚያ ወዲህ አንጓች ውኃ መሐል የማይቆም ሞተር ከመመኘት በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ጓደኞቿ በየፊናቸው ተበተኑ። እሷም የባሕር ትምህርት ቤት ገብታ የመርከብ መሐንዲስ ልትሆን፣ ሸኚ ሳይኖራት ከተማ ወረደች።

«መዝግቡኝ» አለች።

«የጤና ማስረጃ ካላመጣሽ አልጽፍሽም» አለ መዝጋቢው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። «ዶክተር፣ ይዩኝ። ሐኪም ካላየኝ መዝጋቢ አይጽፈኝ።»

«መታወቂያ የሌለውን ሰው አላይም። ማን ብዬ ልጻፍ?» አለ ሐኪሙ።

ወደ ጎርጎራ ተመልሳ ቀበሌ ገባች። «እትዬ፣ መታወቂያ ይስጡኝ። ቀበሌ ካልሰጠኝ ሐኪም አያየኝ፤ ሐኪም ካላየኝ መዝጋቢ አይጽፈኝ።»

የቀበሌዋ ሴትዮ ሳቀች። «ባሕሩ የት አለንና ነው መርከቡ? ይሁን እስቲ። ግን የሥጋ ዘመድ ቆሞ ካልመሰከረልሽ አልሰጥም።»

«አባቴ ሞቷል፣ እትዬ።»

«የቀረሽን አምጪያ።»

የቀራት አጎቷ አድማሱ ነው። አድማሱ ከዚያ ቀን ወዲህ የታሰረው ጀልባ ላይ ተቀምጦ መረብ ይቋጥራል፣ መልሶ ይፈታል። ምሳውን ታቀብለዋለች፤ ይበላል፤ ሳህኑን ይመልስላታል። በቃ፣ ወሬያቸው ይኸው ነው።

«አጎቴ፣ ይመስክሩልኝ። አጎት ካልመሰከረልኝ ቀበሌ አይሰጠኝ፤ ቀበሌ ካልሰጠኝ ሐኪም አያየኝ፤ ሐኪም ካላየኝ መዝጋቢ አይጽፈኝ።»

«ይኼ ሞተር ሳይነሳ እኔም ከዚህ አልነሳም» አለ አድማሱ። «በየት ዐይኔ ነው ሰው ፊት የምቆመው?»

ወደ ሞተሩ ዞረች። «ተነሳልኝ በሞቴ። ሞተር ካልተነሳልኝ አጎት አይመሰክርልኝ፤ አጎት ካልመሰከረልኝ ቀበሌ አይሰጠኝ፤ ቀበሌ ካልሰጠኝ ሐኪም አያየኝ፤ ሐኪም ካላየኝ መዝጋቢ አይጽፈኝ» አለችና ማስነሻውን ሳበች። ሞተሩ አንዴ አሳለና ዝም አለ። እሱም እንደ ቤቱ ሰው።

ከሐይቁ ከፍ ብሎ የስጦታው ጋራዥ አለ። ስጦታው ከአባቷና ከአጎቷ ጋር አብሮ ያደገ መካኒክ ነው፤ ሞተሩን ለመጨረሻ ጊዜ የጠገነውም እሱ ነው። አድማሱ «ስጦታው አበላሽቶት ነው» አለ፤ ስጦታው «አድማሱ ነፋሱን እያየ ወጥቶ ነው» አለ። ከለቅሶው ማግስት ጀምሮ አይነጋገሩም።

«ጋሼ ስጦታው፣ ይንኩልኝ። ጋሼ ካልነካልኝ ሞተር አይነሳልኝ፤ ሞተር ካልተነሳልኝ አጎት አይመሰክርልኝ፤ አጎት ካልመሰከረልኝ ቀበሌ አይሰጠኝ፤ ቀበሌ ካልሰጠኝ ሐኪም አያየኝ፤ ሐኪም ካላየኝ መዝጋቢ አይጽፈኝ።»

ስጦታው እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ዐይኑን ከሐይቁ አሸሸ። «አድማሱ ራሱ ካልጠራኝ አልነካውም፣ የኔ ልጅ።»

ወደ ጀልባው ወረደች። «አጎቴ፣ ይጥሩት። አጎት ካልጠራልኝ ጋሼ አይነካልኝ፤ ጋሼ ካልነካልኝ ሞተር አይነሳልኝ፤ ሞተር ካልተነሳልኝ…»

«ምላሴ ይቆረጥ እንጂ ስሙን አልጠራም!» አለና ጀርባውን ሰጣት።

አንጓች ዳር ላይ ተቀመጠች። ሰው ያልፋል፣ ሰው ይመለሳል፤ «ምን ሆነሽ?» የሚላት ጠፋ። ሲበቃት ተነሥታ ጀልባው ላይ ወጣች። ቁልፍ አንሥታ የሞተሩን ብሎን ትፈታ ጀመር። ብሎኑ ዝጓል፤ ቁልፉ አዳለጣትና መዳፏ ተሰነጠቀ። ደሟን አየችና ቆመች። ድምጿ ጀልባውንም ጋራዡንም እንዲያዳርስ አድርጋ ጮኸች።

«አባቴን ሐይቁ ወሰደው! ኩርፊያውን እናንተ ተካፈላችሁት! ለኔ ምን ተረፈኝ? ቤት ስገባ ዝም፣ ጀልባ ስመጣ ዝም፣ ጋራዥ ስሄድ ዝም! አባቴ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ እንኳ የነገረኝ የለም!»

መረቡ ከአድማሱ እጅ ወደቀ። ከዚያ በሻከረ ድምፅ «ስጦታው!» አለ። «ና እስቲ።»

ስጦታው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ውኃ ውስጥ ገብቶ መጣ። «እኔ ነኝ፣ አድማሱ። የናፍጣውን ቱቦ ሳላጠብቀው ቀርቼ ይሆናል። ሌሊት ሌሊት በሕልሜ ቱቦውን ሳጠብቅ ነው የማድረው።»

«የለም፣ እኔ ነኝ። ነፋሱን እያየሁ ወጣሁ።» አድማሱ ወደ አንጓች ዞረ። «አባትሽ "ዛሬስ እንቅር፤ ልጄ ብቻዋን ናት" ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

አንጓች አለቀሰች፤ ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ። ከዚያ ስጦታው መዳፏን በመሐረቡ አሰረላትና ቁልፉን መልሶ ሰጣት። «አንቺው ፍቺው፤ እኔ እይዝልሻለሁ» አላት።

አጎት ጠርቷልና ጋሼ ነካ፤ ጋሼ ቢነካ ሞተር ተነሳ፤ ሞተር ቢነሳ አጎት ተነሳ፤ አጎት ቢመሰክር ቀበሌ ሰጠ። ሁለቱ ወዳጆች መኪና ድረስ ሸኟት። በመስኮት ስታያቸው ጎን ለጎን እያወሩ ይመለሳሉ፤ ስለ አባቷ እንደሚያወሩ ከእጃቸው አኳኋን አወቀች። የሚሉት ግን አይሰማትም።

ቀበሌ ቢሰጥ ሐኪም አየ፤ ሐኪም ቢያይ መዝጋቢ ጻፈ።

«ተመዝግበሻል» አላት። ለሰው ልትነግር ዞር ስትል የምታውቀው ፊት የለም፤ የማታውቃቸው ሰዎች ተሰልፈዋል። ለራሷ ቀስ ብላ «ጻፉኝ» አለች።

ከኋላዋ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ጠጋ አለች። «ምን አሉሽ?»

«ጻፉኝ» አለች አንጓች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ብቻውን ለሚሄድ ሰው «ደኅና ግባ» በሉልኝ።