የሞቀው ቴርሞሜትር

አንድ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅበት የደጋ ከተማ ነበር። በዚያ ከተማ ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍሉን የምትመራው ሲስተር እታፈራሁ ትባላለች። ሥራዋን የምትወድ፣ ቁጣዋ ግን አይጣል የሆነ ሴት ናት። አራስ ሕፃናት ብርድ እየመታቸው መታመማቸው እንቅልፍ ነሳት። ስለዚህ አዋላጆቹ የተወለደውን ሕፃን ሁሉ ወዲያው በቴርሞሜትር እንዲለኩ አዘዘች። ሐሳቡስ ደግ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ልኬቱን ዱላ አደረገችው። ሕፃን የቀዘቀዘባት አዋላጅ ሰኞ ሰኞ በስብሰባ ላይ ስሟ እየተጠራ በባልደረቦቿ ፊት ትወቀስ ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ከመዝገቡ ላይ የቀዘቀዘ ሕፃን ጠፋ። ሁሉም ሞቃት ሆነላችሁ! ከወረዳ የመጡ አለቆች አመሰገኗት፤ እሷም ደረቷን ነፋች። ሕፃናቱ ግን አሁንም እየታመሙ ይመለሱ ነበር። ሲስተር ይህን እያየች እንዳላየች አለፈችው፤ ምስጋናው ጥሟት ነበራ።

አንድ ማለዳ አንዲት እናት ወንድ ልጅ ተገላገለች። የልጁ ሙቀት ደህና ነው ተባለ። ሲስተር እታፈራሁ እግረ መንገዷን የሕፃኑን እግር ብትነካው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ጡት አይስብም፤ ማልቀስም አቅቶታል። ክው አለች። ሕፃኑን ከመጠቅለያው አውጥታ እናቱ ደረት ላይ ልጥፍ አደረገችው፤ ሁለቱንም በጋቢ ሸፍና አጠገባቸው ቁጭ አለች።

ያዋለደችው ምንታምር የምትባል አዋላጅ ነበረች። ሲስተር ምን እንደተፈጠረ ስትጠይቃት አንገቷን ደፋች።

«ሕፃኑን አልለካሁትም። ቴርሞሜትሩን በራሴው ብብት ውስጥ ነው ያሞቅሁት» አለች። «ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ሰኞን ፈርተን ነው፣ ሲስተር።»

የቁጣ ቃል ሲስተር አፍ ላይ ደረሰ። ግን ሕፃኑን አየችና፣ ያስፈራኋቸው እኔው አይደለሁ እንዴ ብላ አፈረች። ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ልጁ ለምን ቀዘቀዘ?» አለች። እስከዚያ ቀን ማን ጋ ቀዘቀዘ ትል ነበር እንጂ ለምን ብላ አታውቅም።

መልሱን አዋላጆቹ ሁሉ ያውቁታል። አያቶች ልጁ ገና እንደተወለደ ታጥቦ ካልተሰጣቸው ይቆጣሉ። አዋላጆቹም እሰጥ አገባው ስለሚሰለቻቸው በዚያ ብርድ ያጥቡታል።

ረፋዱ ላይ ሕፃኑ ሞቅ ብሎት ጡት ፈለገ። አያቱ እማማ ዘርትሁን ከደስታ ብዛት አለቀሱ። ሲስተር አጠገባቸው ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ የልጅን የመጀመሪያ ገላ የምታጥበው አያቱ ናት፤ ግን በማግስቱ፣ ፀሐይ ስትሞቅ። በተወለደበት ቀን ከእናቱ ደረት አይለይ» አለቻቸው።

«እንዲህ አክብራችሁ ብትነግሩን ኖሮ ማን እምቢ ይላችሁ ነበር?» አሉ እማማ ዘርትሁን።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ስም መጥራት ቀረ። የሚነሳው ጥያቄ ሕፃኑ ለምን በረደው፣ ምንስ ጎደለን የሚል ሆነ። ልኬቱም እናቲቱ እያየች ይወሰድ ጀመር። መጀመሪያ ላይ የቀዘቀዙ ሕፃናት ቁጥር አሻቀበ። የወረዳ አለቆችም ምነው ሥራችሁ ተበላሸ ብለው ጠየቁ። ሲስተር ግን አልደነገጠችም። ሥራው አልተበላሸም፣ አሁን ገና እውነቱን አየነው ስትል መለሰችላቸው። እያደር አያቶቹ ማጠቡን ለማግስቱ መተው ለመዱ፤ ነፋስ የሚያስገባው መስኮትም ተጠገነ። ቁጥሩ ወረደ፤ በዚህ ጊዜ የወረደው ግን የምር ነበር። ታመው የሚመለሱ ሕፃናትም አነሱ። ያ ልጅ ለክትባት ሲመጣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ምንታምርን ጣቷን ይዞ አልለቅም አላት።

ወዳጆቼ፣ መለኪያ የተሠራው የጎደለውን እንዲያሳየን ነው፤ የሚወቀስ ሰው እንዲፈልግልን አይደለም። ሠራተኛ መለኪያውን ከፈራው ቁጥሩን ያሳምራል፤ ካመነው ግን ሥራውን ያሳምራል። እስቲ እናንተም የምትመሩትን ቤት ልብ ብላችሁ እዩት፤ የሞቀው ሕፃኑ ነው ወይስ ቴርሞሜትሩ?