ርስት የሌለው ግዙፍ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ከሞት ይልቅ ከርስቱ መነቀልን በሚፈራበት አገር፣ ደርበው፣ እናትነሽና ስማቸው የሚባሉ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ደርበው ዓይኑ ሩቅ ያያል። እናትነሽ ያላየችውን አትናገርም። ስማቸው የሄደ ነገር መቼ እንደሚመለስ አስልቶ ያውቃል። የአገሩ ጭቃ ሹም በሪሁን አስተዋይ ሰው ስለነበሩ ሦስቱንም ይፈሯቸው ነበር።

አንድ ምሽት ደርበው ሽቅብ አንጋጦ፣ «የእኛን ፀሐይ የምትመስለውን ጎረቤት ኮከብ አንድ ግዙፍ ዓለም ይዞራታል» አለ። «ሁለመናው ደመና ነው፤ የሚረገጥ መሬት የለውም።»

ጭቃ ሹሙ ነገሩን አመዛዘኑ። «ያን ያህል ገላ ይዞ አንድ ጥማድ መሬት የሌለው፣ ዓይኑ የት ሊያርፍ ነው? እኛ ርስት ላይ ነዋ!»

አገሩ ተሸበረ። ጭቃ ሹሙ እናትነሽን አጣርታ እንድትመጣ ኮረብታ ላይ ሰደዷት።

«የለም» አለች ተመልሳ።

«እንዴት የለም?»

«እኔ እንጃ ጌታዬ። ኮከቧ አለች፤ እሱ የለም።»

የባሰው ያን ጊዜ መጣ። ሲታይ የነበረ ግዙፍ ከጠፋ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። ሰው ከብቱን ወደ ዋሻ ነዳ፤ የደረሰ ስንዴ ሳይታጨድ ቀረ።

ስማቸው ሊያጽናና ተነሣ። «አይዟችሁ፣ ወደ ኮከቧ ተጠግቶ ብርሃኗ ጋርዶት ነው። ከጥቂት ክረምት በኋላ ይመለሳል።»

ከዚህ ሁሉ ሕዝቡ የሰማው «ይመለሳል» የምትለዋን ብቻ ነበር።

ጭቃ ሹሙ እንደ አባት ደንቡ አውጫጭኝ ጠሩ። አገሬው በእሾህ አጥር ተከተተ፤ ፍርሃቱን ያመጣው ሰው ተለይቶ ከርስቱ እስኪነቀል ድረስ ለአራስም መውጫ የለም።

«ደርበው ባይናገር ተኝተን ባደርን!» አለ አንዱ።

«እሱ ምን በወጣው! እናትነሽ ‹አለ› ብትል ምን ነበረበት? ያለበትን ያወቁት ጠላት እኮ ግማሽ ወዳጅ ነው።»

«ስማቸው ነው እንጂ! ይሄኔ ረስተነው ነበር!»

አንዲት አሮጊት ከኋላ፣ «‹ዓይኑ ርስታችን ላይ ነው› ያለውስ ማን ነበር?» አሉ። ጭቃ ሹሙ አልሰሙም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ ጆሯቸው ይከብዳል።

«ያየሁትን ተናገርኩ» አለ ደርበው።

«ያላየሁትን አላየሁም አልኩ» አለች እናትነሽ።

«እኔም የሚሆነውን» አለ ስማቸው።

ጭቃ ሹሙ ብርድ ነው ብለው ጋቢያቸውን ደረቡ። ጀንበሯ እያዘቀዘቀች ነው። ኮከብ ሳይወጣ አንድ ስም መጥራት አለባቸው፤ እሳቸው ካልጠሩ ሕዝቡ የማንን እንደሚጠራ አላጡትም።

እናንተም ከአጥሩ ውስጥ ናችሁና ሳይመሽ ፍረዱ፦ ከርስቱ ሊነቀል የሚገባው ማን ነው?