በደብተሩ ሽፋን ላይ የተጻፈችው መስመር

አንድ ገበሬ ነበረ። ቆዪ ማኅደር፣ ከጥያቄሽ መሸሼ አይደለም። «ጋሼ ውብሸት፣ ስንት ዓመት ተምሬ፣ ሌላ ሰው በኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ለሠራት የሰዓት መቀየሪያ አማራጭ ሁለት መስመር ማብራሪያ ጻፊ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለሽኛል። እሺ። አኩርፈሽም ቢሆን ስሚኝ።

ገበሬው ወንዝ ዳር ሽንኩርት ይተክል ነበር። ውሃውን የሚስበው የመንደሩ ሞተር ነው፤ ለሁሉም በተራ ይደርሳል። ሞተሩን የሚጠብቅ አንድ ጠንቃቃ ሰው ነበረ፤ የሆነውን ሁሉ በደብተር ይጽፋል። ሰዓት የሚቆጥረው ግን ሞተሩ ከተነሣበት ጀምሮ ነው። ለእሱ ግልጽ ነበር፤ ለሌላ ሰው መንገር ትዝ ብሎት አያውቅም።

አንድ ቀን ሰው ከጎረቤት ቀብር ሲመለስ የላይኛው ቦይ በር ተከፍቶ፣ ውሃው የአንዱን ችግኝ ጠርጎ ወስዶታል። መቼ እንደሆነ ከሞተር ጠባቂው በቀር ያወቀ የለም። በዚያው ሳምንት እሱም ሳይጠየቅ ታሞ ሞተ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደብተሩን ቢገልጡ «በአራተኛው ሰዓት የላይኛው በር ተከፈተ» ይላል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ያ ገበሬ በበሩ አጠገብ ሲያልፍ አይተውታል። በቃ፣ አለቀለት። ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው? የውሃ ተራውን ሊነጥቁት ሆነ። ስድስት ልጅ አለው፤ ያለ ውሃ ደግሞ ያ ማሳ ደረቅ አፈር ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደብተሩን ሊዘጋ ሲል የሽፋኑን ጀርባ አየ። በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ደብተር የሚቆጥረው ሞተሩ ከተነሣ ጀምሮ ነው። የቀኑን ሰዓት ለማወቅ በገጹ ራስ ላይ ያለውን የመነሻ ሰዓት ደምር።»

ሽማግሌው የዚያን ቀን ገጽ መልሶ ገለጠ። ከላይ «ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣ» ይላል። ሦስትና አራት ሰባት ነው። በሰባት ሰዓት ገበሬው ቀብር ላይ ነበር፤ ቃሬዛውንም የተሸከመው ከዚሁ ሽማግሌ ጋር ነው። ሽማግሌው ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀው። በሩን ማን ከፈተው? እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ገበሬው መስመሯን ማን እንደጻፋት ጠየቀ። ቧንቧ ልትቆጥር ከከተማ መጥታ፣ ሞተር ጠባቂውን ስለ ደብተሩ ጠይቃው የነበረች ሴት ናት አሉት። «ለዚህ ነው እንዴ የተማርኩት?» እያለች እያጉረመረመች ነው አሉ የጻፈችው። ስሟን የያዘ አልነበረም። ስለዚህ እስኪሞት ድረስ፣ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ሽንኩርት ሲነቅል፣ «ያቺን የጻፈች እጅ ትባረክ፤ ክፉ አይንካት» ይል ነበር። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ አባቴ ነው። እኔም የተማርኩት በዚያ ሽንኩርት ነው።

እና ማኅደር፣ ያንቺም ፕሮግራም እንደ ሞተር ጠባቂው ነው። ከርነሉ፣ ያ የኮምፒውተሩ እምብርት፣ የሚሠራውን አንድም ሳያስቀር ይመዘግባል፤ ጊዜውን ግን የሚቆጥረው ኮምፒውተሩ ከበራ ጀምሮ ነው። ወደ እኛ ሰዓት የምትቀይረው አማራጭ አለች፤ መኖሯን የሚያውቀው ግን የሠራት ሰው ብቻ ነው። ነገ አንዱ ምስኪን «ሲስተሙን የጣልከው አንተ ነህ» ይባልና ያንን መዝገብ ይገልጣል። ስምሽን አያውቅም፤ አንቺም አታውቂውም። ቢሆንም ይመርቅሻል፤ እኔ ያቺን ሴት እስከ ዛሬ እንደምመርቃት። እያጉረመረምሽም ቢሆን ጻፊለት። የመነሻውን ሰዓት ከየት እንደሚያገኘውም ጨምሪበት፤ ያቺ ሴት «በገጹ ራስ ላይ» ብላ መጻፉን አልረሳችም።