ላላስቀመጠ ሰው የተቀመጠ ዳቦ

አንድ ጨው ነጋዴ ነበረ።

ቁጭ በይ አስካለ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። መንገደኛ ስንቁን ከምን ያህል ጊዜ በፊት ያዘጋጅ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ፤ ጎረቤቶችሽ ስለሳቁብሽ። እኔም ስቄብሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ልጅሽ የምትወልደው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ አንቺ ግን ገና ጥምቀት ሳያልፍ የገንፎውን ዱቄት አስፈጭተሽ፣ ቅቤውን አንጥረሽ፣ ሻንጣሽን በር ላይ ገትረሻል። የፊተኛዋን ስትወልድ ዘግይተሽ እንደደረስሽ አውቃለሁ። አንዲት በደጅ የምታልፍ ሴት የልጅሽን ጩኸት ሰምታ ገብታ እንዳዋለደቻት፣ ስሟን እንኳ ሳትናገር እንደሄደችም ነግረሽኛል። ከዚያ ወዲህ ሻንጣ ማሰናዳት አይበቃሽም። ስለዚህ ሳቄን ትቼ እመልስልሻለሁ። አንቺም አታቋርጪኝ።

ያ ነጋዴ ሀብታም ነበር፤ ጠንቃቃም ነበር። ሌላው ሰው የሚነሳበት ሳምንት ሲደርስ ነው የሚሯሯጠው። እሱ ግን ከአንዱ ጉዞ ተመልሶ ግመሎቹን እያራገፈ ለሚቀጥለው መሰናዳት ይጀምራል። ስልቻው ይጠገናል፣ ገመዱ ይገመዳል፣ የበሶው ገብስ ይቆላል። ሚስቱ «እስቲ መጀመሪያ እግርህን ታጠብ» ትለዋለች። «እሱ ይደርሳል» ይላትና ወደ ስልቻው ይመለሳል።

ወደ ጨው ሜዳው የሚወርደው መንገድ ክፉ ነው። ዛፍ የለ፣ ሣር የለ፣ ቤት የለ። ሲወርዱ ግመሎቹ ባዷቸውን ናቸውና የመልሱን ስንቅና ለራሳቸው የሚሆን ድርቆሽ ሣር ይሸከማሉ፤ ሲመለሱ ግን ጨው ስለሚጫኑ ሌላ ነገር የሚጫንበት ጀርባ አይተርፍም። ስለዚህ የዚያ አገር መንገደኞች አንድ ልማድ አላቸው። ሲወርዱ በየሰፈሩበት ቦታ ለመልስ የሚሆናቸውን ዳቦና ድርቆሽ ድንጋይ ጭነውበት ትተውት ይሄዳሉ። ጠባቂ የለውም፣ ቁልፍ የለውም። የሌላውን የሚነካ ሰውም የለም። ያንን ዳቦ ማንሳት ማለት አንጀቱ ታጥፎ ከኋላ የሚመጣውን ባለቤቱን መግደል እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ፤ እኛ መንደር የተሰጣ በርበሬ እንኳ ያለጠባቂ አይውልም።

ነጋዴው ግን በዚህ ልማድ ይስቅ ነበር። «ነፍሴን ለድንጋይ አደራ ልስጥ?» ይላል። ሀብት አለውና የመልሱን ስንቅ ብቻ የሚሸከም ትርፍ ግመል አስከትሎ፣ ከዓይኑ ሳያርቀው ይወርዳል፣ ከዓይኑ ሳያርቀው ይመለሳል። ሌሎቹ ድንጋይ ሲያነሱና ሲጭኑ እሱ ከግመሉ ጥግ ተቀምጦ ያያቸዋል።

ከሰፈሮቹ በአንዱ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ ትልቅ የድንጋይ ክምር ነበር። የሚወርደው ሰው ሁሉ እዚያ ቆም ይላል፣ ጎንበስ ይላል፣ ድንጋይ ያነካካል፣ ከዚያ ይሄዳል። ነጋዴው ከሩቅ ሲያየው በመንገድ የሞተ ሰው መቃብር መሰለው። ማንንም አልጠየቀም። በአጠገቡ ሲያልፍ «ነፍስ ይማር» ይልና መንገዱን ይቀጥላል።

በአንዱ ዓመት፣ ከጥቂት ወራት በፊት የዳረውን ወንድ ልጁን ይዞ ወረደ። ጨዋቸውን ጭነው ሲመለሱ የአሸዋ አውሎ ነፋስ መጣባቸው። ግመሎቹን አንበርክከው፣ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አሳለፉት። ነፋሱ ሲቆም ጨው የጫኑት ግመሎች ሁሉ አሉ። ስንቁንና ውኃውን የጫነው ግን ገመዱን በጥሶ ጠፍቷል። አየሽ አስካለ፣ ጠንቃቃ ነውና ሁሉንም ያስቀመጠው አንድ ቦታ፣ ዓይኑ ሥር ነበር።

ሄዱ፣ ሄዱ። ልጁ መጀመሪያ ወሬ አቆመ፤ ቀጥሎ እግሩ ይጠላለፍበት ጀመር። አባት ከአንዱ ግመል ላይ ጨዉን አራግፎ ጣለና ልጁን አወጣው። ያ የደከመለት ጨው አሸዋው ላይ ሲቀር ዞር ብሎም አላየውም። መቃብሩ ካለበት ሰፈር ሲደርሱ እኩለ ቀን ሆኗል። ልጁን አውርዶ መሬት ላይ አስተኛው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል።

በዙሪያቸው ድንጋዮች አሉ፤ በየድንጋዩ ሥር የሰው ዳቦ አለ። አባት ቶሎ ብሎ አንዱን ድንጋይ አነሳ። ልጁ ከተኛበት ሆኖ አየው።

«አባባ፣ የሰው ነው።»

«አውቃለሁ። ዝም በል።»

«ሲያስቀምጠው አይቼዋለሁ። ጨው ሜዳው ላይ ውኃ የሰጠን ሰውዬ ነው። ከኋላችን እየመጣ ነው፤ እባክህ መልሰው።»

አባት ድንጋዩን እንደያዘ ቆመ። ዳቦውን አየ፣ ልጁን አየ። ከዚያ ድንጋዩን ወደ ቦታው መለሰ። ይህ ምን ያህል እንደከበደው እኔ ልነግርሽ አልችልም፤ አንቺ እናት ነሽ፣ ታውቂዋለሽ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ሌላ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር ስላልነበረ፣ ለልጁ ፊት ጥላ የምትሆን ትንሽ ካብ ልካብ አለ። የሰው ስንቅ የተጫኑትን ድንጋዮች ዳግመኛ ላይነካ ለራሱ ምሏል፤ የቀረው አሸዋ ነው። ድንጋይ ያለው መቃብሩ ላይ ብቻ ነበር። መቃብር ማፍረስ ደግሞ ያስፈራል። ከመቃብሩ ፊት ተንበረከከ።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለ። «አንተን ከእንግዲህ ፀሐይ አይነካህም። ለልጄ ጥቂት ድንጋይ አበድረኝ።»

አንዱን አነሳ። ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛውን ሲያነሳ እጁ ወደ ውስጥ ገባ። የክምሩ ሆድ ክፍት ነበር። አጥንት የለበትም። ቀዝቃዛው ጥላ ውስጥ ውኃ የሞላ ስልቻ ተቀምጧል። ከጎኑ ድርቆሽ አለ፣ ከድርቆሹ ላይ ዳቦ አለ። የገብስ አለ፣ የስንዴ አለ፣ የማሽላ ቂጣም አለ፤ አንድ እጅ የጋገረው እንዳልሆነ ያስታውቃል። አንዱን ቆረሰው። ውስጡ ገና ለስላሳ ነበር።

ልጁን ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ አጠጣው፤ ዳቦውን እያራሰ አጎረሰው። ልጁ ዓይኑን ገለጠ። ነጋዴው ራሱም በላ። ይህን ያህል ዘመን በአጠገቡ ሲመላለስ የሞት ቦታ ነው ያለው ሕይወት ሆኖ አገኘው። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዙት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከላይ የሚወርዱ መንገደኞች ደረሱ። መሪያቸው ሽማግሌ ነበር። የፈረሰውን ክምር አየ፣ ልጁን አየ፣ አልተቆጣም። ከራሱ ስንቅ አዲስ ዳቦ አወጣና ወደ ክምሩ ሄደ። እዚያ ከነበሩት ውስጥ የደረቀውን ለራሱ አንስቶ አዲሱን በቦታው አኖረ። ከእሱ ጋር የመጡትም እንደዚሁ አደረጉ፤ አንዱም ስልቻውን ሞላው።

ነጋዴው እግሩ ላይ ወደቀ። «አባቴ፣ ይህ የማን ነው? የማንን በላሁ?»

«የራስህን ነው የበላኸው።»

«እኔ እኮ አላስቀመጥኩም። በዚህ መንገድ አንድም ቀን አስቀምጬ አላውቅም።»

«ለዚህ ነዋ! ያስቀመጠማ የራሱ ድንጋይ አለው። ይኼ ላላስቀመጠ ነው።»

«እንደምመጣ በምን አወቃችሁ?»

«አንተን አናውቅህም» አለ ሽማግሌው። «አንድ ሰው እንደሚመጣ ግን እናውቃለን።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታደርጉት?»

«እኔ አባቴን ሲያደርግ አገኘሁት። እሱም አባቱን። የጀመረው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።» ይህን ብሎ የደረቀውን ዳቦ በጉልበቱ ሰበረና ማኘክ ጀመረ።

ነጋዴው ያን ጊዜ አለቀሰ። ከእሱ ቀድሞ የሚሰንቅ ሰው ያለ አይመስለውም ነበር። ለካ እሱ ሳይወለድ፣ አባቱም ሳይወለድ፣ ስሙ የጠፋ ሰው ስንቁን ሰንቆለት ነበር። እነዚህ ሁሉ ደረቁን እየበሉ፣ ለስላሳውን ለእሱ እየተዉ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲያሻግሩለት ኖረዋል። እሱም በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ነፍስ ይማር እያለ ነበር።

አስካለ፣ አንቺ የጠየቅሽኝ ስንት ሳምንት ቀድሜ ልሰንቅ ብለሽ ነው። ሳምንቱን አላውቀውም። ሁላችንም ያ ነጋዴ እንደሆንን ግን አውቃለሁ። ይህን ጥላው ሥር የተቀመጥንበትን ዛፍ የተከለውን ሰው አንቺም አታውቂውም፣ እኔም አላውቀውም። ልጅሽ ጋ ስትደርሺ ደግሞ አንድ እንግዳ ይመጣል። እንደሱ ምንም ሳይሰንቅ የሚነሳ መንገደኛ የለም፤ ጨርቅ እንኳ የለውም። ነገር ግን ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ስም ሳይወጣለት፣ ወተቱ በእናቱ ጡት ይጠብቀዋል። ስንት ዓመት መጽሐፍ አስተምሬ እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል።

አንቺ ዘገየሁ እያልሽ እስከ ዛሬ ራስሽን ትወቅሻለሽ። እስቲ ያችን ሴት አስቢያት። አንቺ ባልደረስሽበት ቀን፣ በዚያች ሰዓት፣ በልጅሽ ደጅ እንድታልፍ ማን ነገራት? እኔ እንጃ። ሻንጣሽ ግን በዚያን ቀን የትም አልነበረም፤ ልጅሽም አልሞተችብሽም።

ስለዚህ ሰንቂ፣ ጎረቤቶችሽም ይሳቁ። ብቻ የምትነሺ ዕለት ዳቦ ስትጋግሪ አንድ ትርፍ ጋግሪ። ከገንፎው ዱቄት ሥር አትቅበሪው፤ እጅሽ ቶሎ የሚደርስበት ቦታ፣ ከላይ አድርጊው። ለማን ነው ብለሽ አትጠይቂኝ፣ እኔም አላውቀውም። አንድ ሰው ግን ይመጣል።