የጅባራ መታጠፊያ መብራት

በአፋፉ አገር ሰው የጠፋበትን ነገር በጉልበት ብዛት ሊያገኝ ሲደክም፣ ሽማግሌዎች አንዲት አጭር አባባል ይጥላሉ። ከሩቅ የመጣ ሰው ሲሰማት ፈገግ ይላል። የጅባራ መታጠፊያ ሰዎች ግን አይስቁባትም፤ ከማን ቤት እንደ ወጣች ያውቃሉ።

የወጣችው ከማናህሎሽ ቤት ነው። ነገሩ የደረሰበት ዕለት ጠዋት ማናህሎሽ እንደ ወትሮዋ ተነሣች፤ እሳት አያያዘች፤ ላሟን አልባ ጥጃዋን አሰረች፤ ለባሏ ለአጥናፉ የገብስ አጥሚት ጣደች። ቡቃያውን ለማየት በሩን ስትከፍት ጉሙ እስከ ደጃፉ ወርዶ አጥሩን ሸፍኖታል። በሩን መልሳ ዘጋችው። አጥናፉ ሌሊቱን ሲስል ስላደረ ብርድ እንዲገባ አልፈለገችም።

አጥናፉ ገበሬ ነበር፤ የሚታወቀው ግን በሌላ ነገር ነው። ቤታቸው መንገዱ ዳር ነው፤ ከቤታቸው በታች፣ የጅባራ መታጠፊያ በሚባለው ቦታ፣ መንገዱ ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፤ በስተግራው ገደል ነው። ጉም ሲወርድ ሹፌሮች ከቤቱ ትይዩ ቆመው ሦስት ጊዜ ጡሩምባ ይነፋሉ። አጥናፉ ነጭ ጋቢውን ደርቦ ይወጣል፤ በመንገዱ መሀል ከመኪናው ፊት ፊት ይሄዳል፤ ሹፌሩ ጋቢውን እያየ በዝግታ ይከተለዋል። ሦስተኛውን መታጠፊያ ሲያልፉ ዱላውን ሁለት ጊዜ ከፍ ያደርግና መንገዱን ይለቃል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አደረገ። አንድ ነጋዴ ዋጋውን ቢጠይቀው፣ «መንገድ ማሳየት ይሸጣል እንዴ?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚመራው የታናሽ ወንድሙን የልሳነወርቅን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነው። እናታቸው ስትሞት ልሳነወርቅን ያሳደጉት አጥናፉና ማናህሎሽ ናቸው። የአውቶቡሱ የፊት መብራቶች ቢጫና ደብዛዛ ስለነበሩ ተሳፋሪው መሳቂያ አድርጓቸዋል።

«ልሳነወርቅ፣ መብራትህን በክብሪት ነው የምትለኩሰው?»

«አትንኩት! ዘይቱ እንዳያልቅበት ነው።»

ማናህሎሽን ያስጨነቃት የባሏ ደረት ነበር። ሐኪሙ ከብርድ ይጠበቅ ብሏል፤ እሱ ግን ጡሩምባ በሰማ ቁጥር ይነሣል። አንድ እሑድ ልሳነወርቅን ለብቻው ጠርታ፣ «ወንድምህ በዚህ ጉም እየተመላለሰ አይከርምልኝም» አለችው።

«ምን ላድርግ፣ እትዬ?»

«ለመኪናህ መብራት ግዛላት፤ ደህና አድርጋ የምታይበት። ያኔ እሱም አርፎ ይተኛል።»

በሳምንቱ ገዛ። ከተማ ወርዶ ቢጫዎቹን አስነቀለና ነጫጭ ጠንካራ አምፖሎች አስገባ፤ ከፊት ብረቱ ላይ ደግሞ ሁለት ፓውዛ አስገጠመ። አመሻሹ ላይ ደጃፋቸው ቆሞ ሲያበራው፣ ከሸለቆው ማዶ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጣራ ቦግ ብሎ ታየ። ሴቶቹ እልል አሉ።

«የገጠመልኝ መካኒክ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ?» አለ ልሳነወርቅ እየሳቀ። «‹የምትነዳው ጉም አገር ከሆነ ቢጫዎቹን ተዋቸው› አለኝ። ብርሃን በዛ ብሎ የሚሟገት ሰው አይቼ አላውቅም!»

ሁሉም ሳቁ። ማናህሎሽም ሳቀች።

«እንግዲህ ከሥራ ወጣሁ በለኛ» አለ አጥናፉ።

«አርፈህ ተኛ፣ ጋሼ። ከእንግዲህ ጡሩምባ አልነፋብህም።»

በማግስቱ ማናህሎሽ ጋቢውን ወንዝ ወስዳ አጠበችው። የሃያ ሁለት ዓመት አቧራና ጭስ እስኪለቅ ድረስ ደጋግማ አሸችው። ከዚህ በኋላ የበዓል ልብስ ይሆናል ብላ አጣጥፋ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ለዐሥር ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ከረመ፤ የልሳነወርቅ መብራትም በየገበያው ተወራለት።

ጉሙ እስከ ደጃፉ በወረደበት በዚያ ጠዋት፣ አጥሚቱ ገና ሳይበርድ የአውቶቡሱ ድምፅ ከላይ ተሰማ።

«መጣ» አለ አጥናፉ።

«ይምጣ። አንተ አጥሚትህን ጠጣ።»

«ጡሩምባ አልነፋም።»

«አልነፋም ብሎህ የለም እንዴ?»

አጥናፉ ጆሮውን ወደ በሩ ሰጠ። ከዚያ ተነሣና ከሳጥኑ ላይ ጋቢውን አነሣ። «እንዲህ ያለ ጉም ገጥሞት አያውቅም። እስከ መጀመሪያዋ መታጠፊያ ብቻ ልሂድለት።»

ማናህሎሽ የጋቢውን ጫፍ ያዘች። «አንተ ሰው፣ መብራት አለው እኮ! ሁሉን ያያል።»

«እኔንም ካየኝ ታዲያ ምን ቸገረሽ?» አለና ፈገግ አለ።

ጫፉን ለቀቀችው።

ተከትላው ደጃፍ ላይ ቆመች። ጀርባው ለሁለት ሦስት እርምጃ ታይቷት ጠፋ። የሞተሩ ድምፅ ሲቀርብ ጉሙ በሙሉ በአንድ ጊዜ ነጣ። ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሚመጣ አይለይም፤ ላይና ታቹ እንደ ወተት አንድ ሆነ። የራሷን እጅ ፈልጋ አጣች። ከዚያ የፍሬን ድምፅ ሰማች።

ጉሙ እስኪገፍ ድረስ መንገዱ ላይ ከአጥናፉ ሬሳ አጠገብ ተቀምጣ ቆየች። ወደ ቤት ስትመለስ አጥሚቱ ቀዝቅዞ ነበር።

ፖሊስ የልሳነወርቅን ቃል ተቀብሎ ለልቅሶው ለቀቀው። ልሳነወርቅ ድንኳኑ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጦ ቀና አላለም። ከሩቅ የመጣ ዘመድ ግን አላስችል ብሎት፣ «ያን የሚያህል መብራት ይዛችሁ እንዴት ሰው አላያችሁም?» አለ።

የመለሱለት ባሻ ይርዳው ናቸው። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ዕለት ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ነበሩ። «ነጭ ግድግዳ ነው ያየነው» አሉ። «መንገዱ ሲጠፋበት ፓውዛውን ጨመረበት፤ ሲጨምርበት ይብስ ጠፋበት። በቢጫው መብራት ጊዜ የአጥናፉ ጋቢ እንደ ፍም ቀልቶ ይታየን ነበር። ያን ዕለት ጉሙ ነጭ፣ መብራቱ ነጭ፣ ጋቢው ነጭ። ምኑን ከምኑ እንለየው?»

ማናህሎሽ ጋቢውን ስለ ማጠቧ ለማንም አልተናገረችም።

ሰው ሲበተን ልሳነወርቅ እግሯ ሥር ወደቀ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ተነሥ» አለችው። «መብራት ግዛ ያልኩህ እኔ ነኝ።» ልሳነወርቅም ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም።

አርባው ካለፈ በኋላ ማናህሎሽ የባሏን ሞት ለማስመዝገብ ወደ ወረዳው ስትሄድ ባሻ ይርዳው አብረዋት ወጡ። መንገዱ ዳር ቆመው ያገኙት ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሹፌር የሚነዳውን መኪና ነው፤ ሁለቱንም ጋቢና አስቀመጣቸው። ገና ሳይንቀሳቀሱ ጉሙ ወረደ። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ «እዚህ ጋ ጡሩምባ ስትነፋ ጋቢ የለበሰ ሰው ወጥቶ ይመራሃል ብለውኛል» አለ።

ወዲያው ሦስት ጊዜ ነፋ።

ከኋላ የነበሩት የአገሩ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ማናህሎሽ በመስኮቱ በኩል የቤቷን በር አየች፤ ራሷ የቆለፈችው በር ነው። ሹፌሩ ጠበቀ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ነፋ።

«ሰውዬው ተኝቷል መሰለኝ» አለ። «በሉ እንግዲያው ረጅሙን መብራት አበራዋለሁ።» እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ።

ባሻ ይርዳው እጁን ያዙት። የማናህሎሽን ፊት ላለማየት ወደ ፊት፣ ወደ ነጩ ጉም እያዩ፣ «ተው ልጄ፣ እስኪገፍ እንቆይ፤ ከፊት የሚሄደው ሰው የለም» አሉት። ሹፌሩ ግን አልገባውምና፣ «ብርሃን ከተጨመረ ምን ይጎዳል፣ አባቴ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ እንዲህ አሉ፦ «ጉምን ቢያበሩት፣ ጉሙን ነው የሚያዩት።»